የድድ ሕመም ምልክቶችና የአፍ ንጽሕና ልማድ በሰሜን ሸዋ

ድድ ጥርስን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝና ከሥሩ ያለውን አጥንት የሚሸፍን ሥጋ ነው። ጤናው በአብዛኛው የሚጓደለው በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በሚከማች፣ ባክቴሪያ በሞላበት ስስ ልባስ ምክንያት ነው። ይህ ልባስ በየዕለቱ ካልጸዳ ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን እየጠነከረ ታርታር ይሆናል፤ ታርታር ደግሞ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ ስለማይለቅ በባለሙያ መታጠብ አለበት።

የሕመሙ አጀማመር በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው፣ የድድ ሕመም ተመራማሪ በነበረው በሃራልድ ሎና በባልደረቦቹ ጥናት ነው። በዴንማርክ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ሲደረግ፣ ሁሉም ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ድዳቸው ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ በሳምንት ገደማ ተሻላቸው። የመጀመሪያው ደረጃ በጽዳት ብቻ የሚድን መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ችላ ከተባለ ግን ሕመሙ ወደ አጥንቱ ሊዘልቅ ይችላል፤ የተበላው አጥንትም በራሱ ተመልሶ አይተካም።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ጤነኛ ድድ ሮዝ መልክ እንዳለው ብዙ መጻሕፍት ይገልጻሉ፤ ይህ መለኪያ ግን ለእኛ አገር ሰው አይበቃም፤ የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ይላልና። በሰሜን ሸዋ፣ በተለይም በእድሜ የገፉ እናቶች ዘንድ፣ ድድን በጥላሸት ተነቅሶ ማጥቆር የቆየ የውበት ልማድ ነው፤ የድድ ሕመም ያስታግሳል የሚሉም አሉ። ንቅሳቱ ልባሱን እንደማያስወግድ ግን የታወቀ ነው፤ መቅላትንም ይሸፍናል፤ ንጹሕ ባልሆነ መርፌ ሲነቀስ የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ ከቀለም ይልቅ መድማትን፣ ማበጥንና የድዱን መላላት መመልከት ይሻላል። ጤነኛ ድድ ሲፋቅም ሆነ ቆሎ ሲቆረጠም አይደማም። ብዙ ሰው ደም ሲያይ ያንን ቦታ መፋቅ ይተዋል፤ ይህም ሕመሙን ያባብሰዋል። ሕመሙ ሲጠና የማይለቅ የአፍ ጠረን፣ የድድ መሸሽ፣ መግልና የጥርስ መነቃነቅ ይከተላሉ። እስከዚያ ድረስ ጥርሱ ላያም ይችላል፤ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ድዱ ታሞም እምብዛም ላይደማ ስለሚችል የባለሙያ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ባለሙያው በጥርስና በድድ መካከል ያለውን ጥልቀት ይለካል፤ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ጤነኛ ሲሆን፣ 4 እና ከዚያ በላይ ሆኖ የሚደማ ከሆነ ክትትል ይሻል።

በአካባቢው ከብሩሽ በፊት የነበረውና ዛሬም ክብሩን ያልጣለው መፋቂያ ነው። ከወይራ፣ ከክትክታና ከሌሎችም ዛፎች ይቆረጣል፤ ወይራው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጽርና እንደ ወፍ ዋሻ ባሉ ደኖች ተጠብቆ ይገኛል። በአግባቡ ከተያዘ ልባስን በማስወገድ ከብሩሽ ጋር እንደሚስተካከል ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1986 ልማዱ ባለባቸው አገሮች እንዲቀጥል አበረታቷል። ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ እስኪለሰልስ መጠበቅ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ ቀስ አድርጎ መፋቅ፣ በምላስ በኩል ያለውንም ገጽ አለመርሳት ያስፈልጋል። በኃይል ወዲያና ወዲህ መገዝገዝ ድድን ያሸሻል።

የድድ ጤና ከአፍ አልፎ ለሰውነትም ይተርፋል። የስኳር ሕመም የድድ ሕመምን ያባብሳል፤ የታመመ ድድም በአንጻሩ የስኳሩን መጠን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር እናቶች በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድዳቸው በቀላሉ ይደማል፤ በእርግዝና ጊዜ ጥርስን በባለሙያ መታጠብም ጉዳት የለውም። በምግብ እጥረት በተጎዱ ሕፃናት ዘንድ ደግሞ ኖማ የተባለው ሕመም ከድድ ቁስል ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ፊትን ሊበላ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች መዝገብ ውስጥ ያስገባው ይህ ሕመም በጊዜ ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክ፣ በአፍ ጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል። ስለዚህ በልጁ ድድ ላይ የሚሸትና የሚደማ ቁስል ያየ ወላጅ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስደው ይገባል።