ፓስቶራል ኬር ምንድን ነው? ትምህርት ቤቱ "የቤተሰብ ድጋፍ" ሲላችሁ

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ ከሆነ ይህ ቃል ከትምህርት ቤት በሚላክ መልእክት ላይ አጋጥሟችሁ ይሆናል። "የፓስቶራል ቡድናችን ሊያነጋግርዎት ይፈልጋል።" ወይም "የቤተሰብ ድጋፍ ሠራተኛችን ትደውልልዎታለች።" መልእክቱ ትሁት ነው። ወላጁ ግን አንብቦ ሲጨርስ ሆዱ ይረበሻል። ምን አጠፋን? ልጁ ምን ብሎ ተናገረ? የልጆችን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሰርቪስ፣ ሊመጣብን ነው?

ጭንቀቱ ይገባኛል። ገበናችንን በር ዘግተን መያዝ የለመድን ሰዎች ነን። የማናውቀው ሰው "ቤት እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቀን ክስ የሚመስለን ለዚህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ክስ አይደለም። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሰዎቹ ምን እንደሚሠሩና ሥልጣናቸው የት ላይ እንደሚያበቃ ካወቅን ስልኩን የምናነሳበት ልብ ይለያል።

ከስሙ እንነሳ። እኛ "ፓስተር" ሲባል ትዝ የሚለን የቸርች አገልጋይ ነው። ስለዚህ ፓስቶራል ኬር የሃይማኖት ነገር ቢመስል አይገርምም። ቃሉ የላቲን ነው፤ ትርጉሙም እረኛ ማለት ነው። ቤተክርስቲያን ለአገልጋዮቿ ወሰደችው፤ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከእሷ ወረሱት። ዛሬ ከየትኛውም እምነት ጋር የማይያያዝ ትምህርት ቤትም ይጠቀምበታል። ልጁን የሚሰብክ የለም።

እረኛ የሚለው ትርጉም ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ጥሩ እረኛ ከብቱን ቆጥሮ ብቻ አያስገባም። የትኛዋ እንደምታነክስ፣ የትኛዋ ሣር እንዳልነካች፣ የትኛዋ ከመንጋው ኋላ እንደቀረች ያውቃል። የፓስቶራል ኬር ዋና ሥራም ይኸው ነው። ልጁ ማንበብና መደመር ቻለ ወይ ከሚለው ጎን ለጎን፣ ተኝቶ መጣ ወይ? በልቶ መጣ ወይ? በእረፍት ሰዓት አብሮት የሚጫወት አለ ወይ? ትናንት ሲለፈልፍ የነበረ ልጅ ዛሬ ለምን ዝም አለ?

እስቲ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አስቡ። በሳምንት ሦስት ቀን አርፍዶ ይመጣል። ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ዕቃውን ሲነኩበት ይማታል። "ባለጌ ነው፣ ይቀጣ" ማለት ቀላል ነው። "ምን ሆኖ ነው?" ብሎ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል። ሲጠየቅ ግን ቤተሰቡ ከተከራየው ቤት ወጥቶ፣ ካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) በሰጠው ጊዜያዊ ማረፊያ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሆኖ እየኖረ ሊሆን ይችላል። ታናሽ እህቱ ሌሊት ታለቅሳለች። ጠዋት ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ ይቀያይራሉ። ልጁ ባለጌ አይደለም። እንቅልፍ አጥቷል።

ፓስቶራል ኬርና የቤተሰብ ድጋፍ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ልጁ ጠዋት የሚቀበለው የሚያውቀው ሰው ይመደብለታል። ቁርስ ክለብ ላይ ቦታ ይሰጠዋል። ክፍል ከመግባቱ በፊት አሥር ደቂቃ አረፍ ይላል። ይህ ለልጁ ነው። የቤተሰብ ድጋፍ ሠራተኛዋ ደግሞ ከእናትና አባቱ ጋር ትቀመጣለች። ለካውንስሉ የቤቶች ክፍል ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ፎርም አብራ ትሞላለች፣ ያገለገለ ዩኒፎርም ትፈልጋለች፣ ካስፈለገም ምግብ በነፃ ወደሚታደልበት ፉድ ባንክ ትመራቸዋለች። ልጁን ብቻ ይዞ ቤተሰቡን መተው ጣሪያው እያፈሰሰ ወለሉን እንደ መወልወል ነው።

ሥራው በችግር ጊዜ ብቻ የሚጠራ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ማታ አልተኛ ሲል፣ አያት ሲሞቱ፣ ወላጆች ሲለያዩ፣ አዲስ ሕፃን ሲወለድ፣ አባት ሥራ ሲያጣ፣ ልጁ ከጠዋት ጀምሮ "ሆዴን አመመኝ፣ አልሄድም" እያለ ሲያለቅስ የሚነጋገሩት ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ነው።

ሰዎቹ እነማን ናቸው? ይህ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ትልልቆቹ የፓስቶራል ኃላፊና የቤተሰብ ድጋፍ ሠራተኛ ለየብቻ አላቸው። ትንንሾቹ ጋ አንድ ሰው ሁሉንም ደርቦ ይይዛል። ኤልሳ የሚባሉም አሉ። እነዚህ በትምህርት ሳይኮሎጂስቶች የሠለጠኑ ረዳቶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ልጁን ከክፍል አውጥተው፣ በሥዕልና በጨዋታ ቁጣን፣ ፍርሃትን ወይም ሐዘንን በቃል መግለጽ ያስተምሩታል። ሐኪም አይደሉም፤ ነን አይሉምም። ልጁ የበለጠ እርዳታ የሚያስፈልገው ከሆነ ወደ ባለሙያ ይመሩታል።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የሚነካው ኔርቸር ግሩፕ የሚባለው ነው። ማርጆሪ ቦክሶል የተባሉ የትምህርት ሳይኮሎጂስት በ1970 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ለንደን ውስጥ የጀመሩት ሐሳብ ነው። በጊዜው ብዙ ትንንሽ ልጆች በጠባያቸው ምክንያት ከመደበኛ ክፍል እየተወገዱ ወደ ልዩ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበር። እሳቸው ልጆቹን በሌላ ዓይን አዩዋቸው። ተራ መጠበቅን፣ ማካፈልን፣ አዋቂን ማመንን ሌላው ልጅ ቤቱ ተምሮት ይመጣል፤ እነዚህ ግን ያንን ገና አላገኙም አሉ። ስለዚህ አሥር የሚያህሉ ልጆችና ሁለት አዋቂዎች ያሉበት፣ ቤት የሚመስል ክፍል አዘጋጁ። ሶፋ አለ፣ ወጥ ቤት አለ፣ አብሮ የሚበላበት ጠረጴዛ አለ። ሁለቱ አዋቂዎች ሳይጯጯሁ አብረው ሲሠሩ ልጆቹ ያያሉ። ቁርስ ላይ ዳቦው ሲታደል ተራ መጠበቅን ይማራሉ። ከጥቂት የትምህርት ወቅቶች በኋላ ወደ ክፍላቸው ይመለሳሉ። ይህ አሠራር ዛሬም በብዙ የብሪታንያ ትምህርት ቤቶች አለ።

ቀሪን በተመለከተ ወላጅ የሚደነግጥበት አንድ ቁጥር አለ። በእንግሊዝ ልጅ ከትምህርቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ከቀረ "በተደጋጋሚ ቀሪ" ተብሎ ይመዘገባል። 10 በመቶ ብዙ ይመስላል። ግን የትምህርት ዓመቱ 190 ቀን ነው፤ 10 በመቶው 19 ቀን ብቻ ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን መቅረት እዚያ ያደርሳል። ስለዚህ "ልጄ እኮ ብዙም አልቀረም" የምትል እናት ከልቧ ነው የምትናገረው። ቀኖቹ ተጠራቅመው ነው። መጀመሪያ የሚደወለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። ልጁ የሚፈራው ሰው አለ? እናት ታማ የሚያደርሰው ጠፍቶ ነው? ምክንያቱን ደብቃችሁ "ጉንፋን ነው" ካላችሁ ግን ማንም ሊረዳችሁ አይችልም።

ገንዘቡን በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለና። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች ፒዩፕል ፕሪሚየም የሚባል ተጨማሪ በጀት ይሰጣል። ዋናው መለኪያ ልጁ በቤተሰቡ ገቢ ምክንያት ለነፃ ምሳ መመዝገቡ ነው። ከሴፕቴምበር 2014 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በሪሴፕሽን (ከአንደኛ ዓመት በፊት ባለው ክፍል)፣ በአንደኛና በሁለተኛ ዓመት ያሉ ልጆች ገቢ ሳይታይ ምሳ በነፃ ይበላሉ። ታዲያ ወላጅ "ልጄ እየበላ ነው፣ ምን ልሙላ?" ብሎ ፎርሙን ይተወዋል። በገቢያችሁ የሚገባችሁ ሆኖ ካልሞላችሁ ትምህርት ቤቱ ያንን በጀት ያጣል። የቤተሰብ ድጋፍ ሠራተኛዋ ደመወዝም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይሸፈናል። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ከመንግሥት ድጎማ የሚከለክላቸው ቤተሰቦችም ገቢያቸው አነስተኛ ከሆነ ለነፃ ምሳ ማመልከት ይችላሉ። እባካችሁ ፎርሙን ሙሉት።

አሁን ወደሚያስፈራው ነገር እንምጣ። የቤተሰብ ድጋፍና ሴፍጋርዲንግ፣ ማለትም ልጅን ከጉዳት መጠበቅ፣ አንድ አይደሉም። የሚሠሩት ግን አንዳንዴ እነዚያው ሰዎች ናቸው፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። የመጀመሪያው በፈቃዳችሁ ነው። "ኧርሊ ሄልፕ" የሚባለው፣ ካውንስሉና ትምህርት ቤቱ በጋራ የሚሰጡት ድጋፍ፣ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይጀመርም። "አልፈልግም" ማለት ትችላላችሁ። ሁለተኛው ልጅ ከባድ ጉዳት ደርሶበታል ወይም ሊደርስበት ይችላል ተብሎ ሲታመን ነው። ያኔ ፈቃድ አይጠበቅም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ለዚህ የተሰየመ ኃላፊ እንዲኖረው ግዴታ አለበት። ልጅ ለመምህሩ "ለማንም እንዳትናገሪ" ብሎ ምስጢር ቢነግራት እንኳ አልናገርም ብላ ቃል መግባት አትችልም።

ሕጉ እንዲህ የጠበቀው በከንቱ አይደለም። ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ የምትባል ከአይቮሪ ኮስት የመጣች የስምንት ዓመት ልጅ በፌብሩዋሪ 2000 ለንደን ውስጥ በአሳዳጊዎቿ እጅ ተሠቃይታ ሞተች። ሶሻል ሠራተኞች አይተዋታል፣ ፖሊስ ያውቃታል፣ ሆስፒታል ተኝታለች። ሁሉም ቁራጭ ቁራጩን ያዙ እንጂ አንድ ላይ የገጣጠመው አልነበረም። እንግሊዝ አገር ደግሞ ትምህርት ቤት አልገባችም። በየቀኑ የሚያያት፣ "ይህች ልጅ ምን ሆናለች?" የሚል መምህር አልነበራትም ማለት ነው። ሎርድ ላሚንግ የመሩት ምርመራ በ2003 ወጣ፤ በ2004ም አዲስ የልጆች ሕግ ተከተለ። መሥሪያ ቤቶች መረጃ እንዲለዋወጡ የሚገፋው አሠራር የጠነከረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዚህ መረጃ ልውውጥ ጥሩ ገጽታ ኦፕሬሽን ኢንኮምፓስ ነው። በ2011 ፕሊመዝ ከተማ ተጀመረ። ቤት ውስጥ ጥቃት ደርሶ ፖሊስ ሌሊት ከተጠራ፣ በማግስቱ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ለልጁ ትምህርት ቤት ያሳውቃል። ልጁ ጠዋት የቤት ሥራውን ሳይሠራ ቢመጣ ማንም አይቆጣውም። ሌሊቱን ምን እንዳሳለፈ የሚያውቅ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል።

ለእኛ ሰው በተለይ የምለው የአስተርጓሚውን ጉዳይ ነው። እንግሊዝኛችሁ ካልረዳችሁ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ሕመም ወይም ስለ ቤት ኪራይ ዕዳ ራሱ እየተረጎመ ሲሰማ የማይገባው ሸክም ይወድቅበታል። ደግሞም የሚያሳፍር ሲመስለው ይዘለዋል። አስተርጓሚ እንዲያዘጋጁላችሁ ጠይቁ። የምታምኑትን ሰው ይዛችሁ መግባትም ትችላላችሁ፤ ጉዳያችሁን እንዲያውቅባችሁ የማትፈልጉትን የሰፈር ሰው ግን አትውሰዱ።

ስብሰባው ሲጀመር ሦስት ነገር ጠይቁ። ይህ በፈቃዴ የሚሰጥ ድጋፍ ነው ወይስ የሴፍጋርዲንግ ጉዳይ? የምነግራችሁን ማን ያየዋል? ቀጥሎ ምን ይደረጋል፣ በማን? ሲጠየቁ ቅር አይላቸውም። የጻፉትንም እንዲያሳዩአችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

እነሱ እስኪደውሉም መጠበቅ የለባችሁም። ጠዋት ልጁን ስታደርሱ የትምህርት ቤቱ እንግዳ መቀበያ ላይ "የቤተሰብ ድጋፍ ሠራተኛዋን ለብቻ ላነጋግራት እፈልጋለሁ" ካላችሁ ይበቃል። ምክንያቱን እዚያ መስኮት ላይ፣ ሌላ ወላጅ ከኋላችሁ ቆሞ እየሰማ፣ መናገር የለባችሁም።