አዳኝ ምን ሠርቶ ይበላል? የአሜሪካ አጋዘን አዳኞችና የዓመት ፈቃዳቸው

አሜሪካ ውስጥ አደን እንጀራ አይሆንም። አጋዘን የሚገድለው ሰው በሌላው ቀን ከባድ መኪና ይነዳል፣ ጣሪያ ይሠራል፣ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ያድራል ወይም ሒሳብ ያስተምራል። የአገሪቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ስለ 2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ባወጣው ጥናት፣ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል 14.4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚያ ዓመት አድነዋል። ይህን ሁሉ ሕዝብ በአደን የሚያኖር ጫካ የለም። ቢኖርም ሕጉ አይፈቅድም።

በአማርኛ ጽሑፍ ገዳዩም "አዳኝ" ነው፣ ከሞት የሚያተርፈውም "አዳኝ" ነው። እዚህ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ግን ሳይጠራ መምጣቱ አይቀርም። "አጋዘን" ስንልም የኛን አገር አጋዘን ሳይሆን ፈረንጆቹ ነጭ ጅራት የሚሉትን እንስሳ ማለታችን ነው። ሌላ የለመድነው ስም የለውም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አድኖ መሸጥ የታወቀ ሙያ ነበር። አዳኙ ዳክዬና አጋዘን በብዛት ይገድላል፣ ባቡር ላይ ይጭናል፣ የቺካጎና የኒውዮርክ ምግብ ቤቶች ይገዙታል። ውጤቱ ክፉ ሆነ። ሰማይ ይሸፍን የነበረው ተሳፋሪ ርግብ የሚባለው ወፍ ከምድር ጠፋ፤ የመጨረሻዋ በ1914 ሲንሲናቲ ውስጥ እንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። አጋዘኑም በ1900 ገደማ በግማሽ ሚሊዮንና ከዚያ በታች ይገመት ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የሌሲ ሕግ በሕገወጥ መንገድ የተገደለ የዱር እንስሳ ከግዛት ወደ ግዛት ተጭኖ እንዳይሸጥ ከለከለ። ግዛቶቹም በየፊናቸው የዱር ሥጋ ሽያጭን ዘጉ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ምግብ ቤት ገብተው የአጋዘን ሥጋ ቢያዝዙ የሚቀርብልዎ እርባታ ላይ ያደገ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከኒውዚላንድ የመጣ።

የአደኑ ገንዘብ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በ1937 የወጣው የፒትማንና ሮበርትሰን ሕግ ረዣዥም ጠመንጃና ጥይት ላይ የተጣለውን 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ አዋለው። ገንዘቡ ለግዛቶቹ የሚከፋፈለው በቆዳ ስፋታቸውና ባላቸው የአደን ፈቃድ ባለቤት ብዛት ነው። ዛሬ አጋዘኑ 30 ሚሊዮን ገደማ ይገመታል። ሁለቱ "አዳኞች" የተገናኙት እንግዲህ እዚህ ነው።

ታዲያ አዳኙ የሚያጥረው አጋዘን አይደለም። ቀን ነው። ጠመንጃ ለማንሳት የሚፈቀድበት ወቅት በብዙ ግዛቶች ከአንድ እስከ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የፌዴራል ሕጉ ደግሞ አሠሪውን ደመወዝ ያለው የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። ስለዚህ ብዙው አዳኝ ያለችውን አንድ ሁለት ሳምንት ከጥር ጀምሮ እየቆጠበ ለኖቬምበር ያስቀምጣል። ሚስት ባሕር ዳርቻ ብትል፣ ልጆች አያት ቤት ቢሉ፣ መልሱ የታወቀ ነው። ብዙ ትዳር የተጨቃጨቀው አጋዘኑ ላይ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው።

ሚቺጋን ውስጥ የጠመንጃ አደን ሁልጊዜ ኖቬምበር 15 ይከፈታል። ማክሰኞ ቢውልም፣ ሐሙስ ቢውልም አይዛወርም። በሰሜኑ ክፍል ያሉ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች በዚያ ቀን ይዘጋሉ፤ ተማሪውም መምህሩም እንደማይመጣ ያውቁታላ። አዲስ የመጣ ሐበሻ ፋብሪካው በዚያ ቀን ግማሽ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው "ምን በዓል ነው?" ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የሥራና የአደን ግብግብ በደንብ የሚታየው ግን ፔንሲልቬንያ ላይ ነው። እዚያ ከ1963 ጀምሮ የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ (ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ሐሙስ ከሚውለው የምስጋና በዓል) በኋላ ባለው ሰኞ ነበር። ቤተሰቡ ሐሙስ ተርኪውን ይበላል። ዓርብና ቅዳሜ ወንዶቹ መኪና ጭነው ወደ ሰሜኑ ተራራ፣ ካምፕ ወደሚሉት የእንጨት ጎጆ ይወጣሉ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ያለፈውን ዓመት ውሸት ይደግማሉ፣ ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ጫካ ይገባሉ። በ2019 የግዛቱ የአደን ኮሚሽን መክፈቻውን ወደ ቅዳሜ አመጣው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ወጣቱ ሠራተኛና ተማሪው ሰኞን ማግኘት አልቻለም። አለቃው ፈቃድ አይሰጠውም፣ ፈተና አለበት፣ ወይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው።

ጩኸቱ ቀላል አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የካምፑን ቅዳሜና እሑድ ቀማችሁን አሉ። የትንንሾቹ ከተሞች ቁርስ ቤቶችና ሱቆችም አዳኝ ሦስት ቀን ቀድሞ መጥቶ ያወጣው የነበረውን ገንዘብ አስታወሱ። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ግን የሰኞው ልማድ የተሠራው ፋብሪካው ራሱ ለአደን በሩን ይዘጋ ለነበረበት ዘመን ነው። ዛሬ መጋዘን ውስጥ በሰዓት የሚከፈለው ልጅ ሰኞ ቢቀር ሥራውን ሊያጣ ይችላል።

እሑድም የራሱ ታሪክ አለው። ፔንሲልቬንያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ከጥቂት እንስሳት በቀር፣ እሑድ ማደንን ስትከለክል ኖራለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚሠራ ሰው እንግዲህ በሳምንት የቀረችው ቅዳሜ ብቻ ነበረች። ገበሬዎች በበኩላቸው "አንዲት ጥይት የማይሰማባት ቀን ትኑረን" ይሉ ነበር። በ2020 ሦስት እሑዶች ተፈቀዱ፤ በ2025 ክልከላው ጭራሹን ተነሣ።

የሥራው ዓይነት ብዙ ነገር ይወስናል። 24 ሰዓት ሠርቶ 48 ሰዓት የሚያርፍ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ዕድለኛ ነው፤ ሰው በሌለበት በረቡዕ ጫካ ይገባል። የሌሊት ፈረቃ ያላት ነርስ ከሥራ ወጥታ በቀጥታ ዛፍ ላይ ወዳሰረችው የአደን ማማ ትወጣለች፣ እዚያው እንቅልፍ ካልጣላት። መምህር ረጅም ዕረፍት አለው፣ ግን በፈረንጆቹ በጋ ላይ ነው፤ በጋ አጋዘን አይታደንም። በቆሎ አምራቹ አጋዘኑን በየቀኑ እርሻው ላይ ያየዋል፣ ወቅቱ ሲከፈት ግን አጫጁ ማሽን ላይ ተቀምጧል።

ቢሮ የሚውለው ሰው መላው ቀስት ነው። የቀስት አደን በብዙ ቦታ ሴፕቴምበር ወይም ኦክቶበር ላይ ይከፈታል፣ ረዘም ይላል። ማታ ከሥራ ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ልብሱን ቀይሮ፣ ዛፍ ላይ ያሰራት ማማ ላይ አንድ ሰዓት ይቀመጣል። ከዚያ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሰዓቱ ወደኋላ ይመለሳል። ፀሐይ በኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፣ ያቺ የማታ ሰዓት ጠፋች። አበሳጩ ነገር ወንዱ አጋዘን ሴቷን ፍለጋ እንደ እብድ የሚሮጠው ልክ በዚያ ሰሞን መሆኑ ነው። ጫካ ውስጥ የተሰቀለችው ካሜራ ደግሞ ባለ ትልቅ ቀንዱን ፎቶ አንስታ ስልኩ ላይ ትልክለታለች። እሱ ስብሰባ ላይ ነው።

ቢገድልም አላለቀም። እሑድ ሊመሽ ሲል የወደቀ አጋዘን ሆድቃው መውጣት፣ እስከ መኪናው መጎተት፣ መሰቀል አለበት። ሥጋው ሰኞን አይጠብቅም፤ አለቃውም አይጠብቅም።

በአደን የሚኖሩ ጥቂቶች አሉ። እንግዳ የሚመሩ፣ የአደን ሥጋ የሚበልቱ፣ ቆዳና ቀንድ የሚያደርቁ፣ የአደን ሕግ የሚያስከብሩ። አላስካ ውስጥ ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ቡናማ ድብ ሊያድን ቢፈልግ ፈቃድ ያለው መሪ ወይም የአገሩ ነዋሪ የሆነ የቅርብ ዘመድ ከጎኑ ግድ ስለሚል፣ መሪነት የእውነት ሙያ ነው። ግን እነዚህ ሰዎች ወቅቱ ሲከፈት ሥራ ይበዛባቸዋል። ሥጋ የሚበልተው ሰው እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የሰው አጋዘን ይከትፋል፣ የራሱ ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ።

ሥጋው አይሸጥ እንጂ ይሰጣል። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከ1991 ጀምሮ አዳኞች ትርፉን ለምግብ ባንኮች የሚሰጡበት ፕሮግራም አለ። ጎረቤትና የሥራ ባልደረባም ይደርሰዋል። ችግሩ የኛ ሰው ላይ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 መሆኑ ነው። ፔንሲልቬንያዊው ጓደኛ በደስታ በላስቲክ ጠቅልሎ የሚያመጣው የአጋዘን ጭን የሚደርሰው እንግዲህ ጾሙ ከገባ በኋላ ነው። አመስግኖ መቀበል ነው። ከዚያ ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል።