«ፓርቲ የለሽ መራጭ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ስለ ዋሽንግተን ዲሲ ምርጫ ሲያወራ «ፓርቲ የለሾቹ ገና ያልወሰኑ ሰዎች ናቸው፤ ሚዛኑን የሚደፉት እነሱ ናቸው» ሲል ሰማሁ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ሁለቱም አባባል ስህተት ነው። የዚህ ስህተት ዋጋ ደግሞ እኛው አበሾች ላይ ነው የሚያርፈው።

«ፓርቲ የለሽ» የአመለካከት ስም አይደለም፤ የመዝገብ ስም ነው። ለመራጭነት ስትመዘገቡ ቅጹ ፓርቲያችሁን ይጠይቃል። «ፓርቲ የለኝም» የሚለው ላይ ምልክት ካደረጋችሁ አለቀ። ዕድሜ ልካችሁን ለአንድ ፓርቲ ብቻ ድምፅ ስትሰጡ የኖራችሁ ብትሆኑም መዝገቡ ልባችሁን አያይም። ያልወሰነ መራጭ ሌላ ነው። የግል ዕጩም ሌላ ነው፤ እሱ የሚወዳደር እንጂ የሚመርጥ አይደለም።

አገር ቤት የመራጭነት ካርድ ስናወጣ ፓርቲያችሁ ማን ነው ያለን የለም። ቢጠይቁን እንደነግጥ ነበር። የፓርቲ አባልነት ለብዙዎቻችን መታወቂያ፣ መዋጮና ስብሰባ ነው። ስለዚህ ዲሲ ውስጥ ቅጹ ሲሰጠን እጃችን በቀጥታ «ፓርቲ የለኝም» ላይ ያርፋል። የምዝገባ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ እኔ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ብለውኝ ምልክት አድርገው ሄዱ። ሰኔ ላይ የከንቲባ ዕጩ ሊመርጡ ሲመጡ ለእሳቸው የሚሆን ወረቀት አልነበረም።

ምክንያቱም የሰኔው ምርጫ ፕራይመሪ ነው። ፓርቲዎች ለኅዳር የሚያቀርቡትን ዕጩ የሚለዩበት ነው። የዲሲው ደግሞ ዝግ ነው፤ ዴሞክራት የዴሞክራትን፣ ሪፐብሊካን የሪፐብሊካንን ብቻ ይመርጣል።

በድግስ እናስበው። ወደ ድግሱ ሰፈሩ ሁሉ ይጠራል። በሬው ሲገዛና ምን ይሠራ ሲባል የሚመክረው ግን ቤተ ዘመዱ ነው። ሰኔ ምክክሩ ነው፣ ኅዳር ድግሱ። ሁለት ቤት እኩል ቢደግስ ኖሮ እንግዳው ወደ ወደደው ይሄድ ነበር። ዲሲ ውስጥ ግን በተግባር የሚደግሰው አንድ ቤት ነው። ከተመዘገበው መራጭ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዴሞክራት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1974 ወዲህ በምርጫ ያሸነፉት ከንቲባዎችም ሁሉም ዴሞክራቶች ናቸው። እንግዲህ ከ70 ሺህ የሚበልጡት ፓርቲ የለሾች ሚዛኑ ጋ የሚደርሱት እቃው ከተመዘነ በኋላ ነው። ምኑን ደፉት?

ፓርቲው «ቤቱ የኛ ነው፣ ዕጩአችንን የምንመርጠው እኛ ነን» ይላል። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። የመደራጀት መብት ነው፤ ፍርድ ቤቶችም ያከብሩታል። ግን ድንኳኑም ብረት ድስቱም የእድሩ ነው። ፕራይመሪው የሚካሄደው ሁሉም በከፈለው ግብር ነው። ደግሞ ድግሱን ያልወደደ ሰው ሳይበላ ቤቱ መግባት ይችላል። ከንቲባውን ያልወደደ ግን የሚኖረው እሱ በሚያስተዳድረው ከተማ ነው።

በ2024 ለዲሲ ሕዝብ ድምፅ የቀረበው ኢኒሺዬቲቭ 83 (ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ያቀረቡት የሕግ ሐሳብ) ሁለት ነገር ይዞ መጣ፦ ፕራይመሪውን ለፓርቲ የለሾች መክፈትና ዕጩዎችን በቅደም ተከተል (አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያሉ) መምረጥ። 73 በመቶ ያህል መራጭ ደገፈው። ያን ጊዜ «ቻርተሩ (የከተማው መሠረታዊ ሕግ) ተሻሻለ» የሚል ወሬ ተናፈሰ። አልተሻሻለም። የአዲስ አበባ ቻርተር ከፓርላማ እንደመጣ ሁሉ፣ የዲሲውም በ1973 ከኮንግረስ የመጣ ነው፤ ማሻሻያውም የራሱ መንገድ አለው። ኢኒሺዬቲቭ ተራ ሕግ ነው። የከተማውን ምክር ቤት በጀት እንዲመድብ ማስገደድ አይችልም። ምክር ቤቱም በ2025 ለቅደም ተከተሉ ገንዘብ መደበ፣ ፕራይመሪውን ለመክፈት ግን አልመደበም። ይህ ያንገበግበኛል። ሕዝቡ ለሁለቱም እሺ ብሎ ነበር።

ለውጡ በእርግጥ በቻርተር የተሞከረው ኒው ዮርክ ከተማ ነው። እዚያ ፓርቲ የለሾቹ ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣሉ። የፓርቲ ፕራይመሪን የሚያስቀር ማሻሻያ በ2003 ቀርቦ መራጩ ጣለው። በ2019 በቅደም ተከተል መምረጥ ጸደቀ። ግን የሚሠራው በፕራይመሪና በማሟያ ምርጫ ስለሆነ የፕራይመሪው በር ለፓርቲ የለሾች እንደተዘጋ ቀረ። በ2025 የከተማዋን ቻርተር የሚመረምረው ኮሚሽን በሩን መክፈት መርምሮ፣ ለሕዝብ ድምፅ ሳያቀርበው ተወው።

ስለዚህ ዲሲ የምትኖሩ፣ መዝገቡ ላይ ፓርቲያችሁ ምን እንደሚል እዩ። በ2024 ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም በከተማው ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል፤ እነሱም ሲመዘገቡ ፓርቲያቸውን ይጠየቃሉ። (የፕሬዚዳንትና የኮንግረስ ምርጫ ግን ለዜጋ ብቻ ነው። ይህ ቀልድ የለውም፣ መኖሪያ ፈቃድ ያስነጥቃል።) ለመቀየር አንድ ቅጽ መሙላት ይበቃል፤ ፓርቲ የለሽ ሆኖ መቆየትም መብት ነው፣ አውቀው ከመረጡት።

እኚያ እናት በኋላ ተመልሰው መጡ። «መዋጮ አለው?» አሉኝ። የለውም አልኳቸው። «ስብሰባስ?» እሱም የለም። ቅጹን ሞሉ። የዚያ ዓመት ፕራይመሪ ግን አልፎ ነበር።