በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔ በሰው ላይ ከሚደርስ ጥቃት ጋር ያለው ትስስር ምንድን ነው?

«ድመት የሚያሰቃይ ልጅ ነገ ነፍሰ ገዳይ ነው፤ ሳይንስም አረጋግጦታል።» ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህን በሙሉ ልብ ሲናገር ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ትስስሩስ አለ። ግን እንዲህ አይደለም።

የአባባሉ ሥር ብዙውን ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1963 ጆን ማክዶናልድ የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ያሳተመው ጽሑፍ ነው። አልጋ ላይ መሽናትን፣ እሳት መለኮስንና እንስሳ ማሰቃየትን አንድ ላይ ያነሳው እሱ ነው። ልብ በሉ፤ ያጠናቸው 100 ሰዎች ሰው እንገድላለን ብለው የዛቱ ታካሚዎች ናቸው። የተጠኑት ስለዛቱ እንጂ ስለገደሉ አይደለም። የገዳዮችን ልጅነት መቆፈርም አያዋጣም። እንስሳ አሰቃይተው ማንንም ሳይነኩ ያደጉትን ማን ቆጠራቸው?

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ ጥናት ይሻላል። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት እንስሳ በማሰቃየት የተከሰሱ 153 ሰዎችን ከ153 ጎረቤቶቻቸው ጋር አነጻጸረ። ከተከሳሾቹ 70 በመቶው ሌላ ወንጀልም ነበረባቸው፤ ከጎረቤቶቻቸው ግን 22 በመቶው ብቻ። ታዲያ የእንስሳው ይቀድማል? አይደለም። ከሌላው ወንጀል በፊት የመጣውን ያህል በኋላም መጥቷል። (ጥናቱ የተያዙትን ብቻ ነው ያየው፤ ይህም አይረሳ።)

ነገሩን እንደ ሕፃን ሳል እዩት። ሳል ሁሉ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) አይደለም፤ አብዛኛው በራሱ ይለቃል። ነቀርሳ ከተገኘ ግን ጎበዝ ሐኪም ልጁን ብቻ አክሞ አይሸኝም። «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያስል ማን አለ?» ይላል፤ ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከአዋቂ ነውና። እኛም ቡችላ አንገቷን አንቆ የሚያርገፈግፍ ልጅ ሲመጣ አስቀድመን የምናጣራው እሱን እንዲህ የሚያርገፈግፈው ሰው መኖሩን ነው። «ገዳይ» ብሎ ልጁን ማግለል የሚያስለውን ሕፃን ከቤት አስወጥቶ ዋናውን በሽተኛ እዚያው እንደመተው ነው።

የሁለት ዓመት ሕፃን የድመት ጭራ ቢጎትት ግን አትደንግጡ፤ እንደሚያማት ገና አልገባውም። የሚያሳስበው እያወቀ፣ እየደጋገመ፣ ተደብቆ ሲያደርገው ነው።

ትስስሩ አፍጥጦ የሚታየው በትዳር ውስጥ ነው። ሚስቱን የሚደበድብ ሰው ውሻዋን የሚመታው ሁልጊዜ ንዴት ገንፍሎበት አይደለም። «ከዚህ ቤት ከወጣሽ ውሻሽን እገድለዋለሁ» ይላታል። እሷም ውሻዋን ጥላ መሄድ አይሆንላትም፤ ትቀራለች። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍራንክ አሲዮን በአሜሪካ ዩታ ግዛት የቤት ውስጥ ጥቃት ሸሽተው መጠለያ የገቡ 38 ሴቶችን ጠይቆ ነበር። እንስሳ ከነበራቸው 71 በመቶው አጋራቸው እንስሳውን እጎዳለሁ ብሎ እንደዛተ፣ እንደጎዳ ወይም እንደገደለ ነገሩት። ናሙናው ትንሽ ነው፤ ለመላው ዓለም አይሠራም። መጠለያዎች እንስሳ ካልተቀበሉ ግን አንዳንዷ ሴት እንደማትመጣ ለማወቅ ይበቃል።

የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የእንስሳት ጭካኔን ለብቻው ይመዘግባል። ይህን የሚያደርገው የነገ ገዳይ ለመተንበይ ከሆነ ከንቱ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ስለ ውሻ ጩኸት አቤቱታ ሰምቶ የሄደ ፖሊስ እዚያ ቤት ያሉትን ልጆችና ሴቶችም እንዲያይ ያደርገዋል።