ፍንዳታ በሰው ገላ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት፦ ከጎንደር ሲታይ

በጎንደር ፋሲል ግቢ ያለው የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ መታው፤ ከሁለት ክፍለ ዘመን በኋላ ደግሞ ጣሊያን ግቢውን ማዘዣ ጣቢያው አድርጎት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት። ከተማዋ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከጣሊያን እጅ ወጣች፤ ፍርስራሹ ግን ዛሬም ይታያል።

ይህን ያየ ሰው «ድንጋይ ያልቻለውን ሥጋ እንዴት ይችለዋል?» ቢል አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የፍንዳታው የአየር ግፊት ብቻውን ሲመጣ ተራ የብሎኬት ግድግዳ የሰው ሳንባ ከመጎዳቱ በፊት ይፈርሳል። በፍንዳታ ከሚጎዱት ብዙዎቹን የሚያቆስለውም የግፊቱ ሞገድ ራሱ ሳይሆን ያስነሣው ነገር ነው፤ የብረት ፍንጣሪ፣ መስታወት፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ፣ የተናደ ግንብ።

ባሩድ ይነድዳል እንጂ ሲቃጠል ድምፅን አይቀድምም። እንደ ቲኤንቲ ያለው ፈንጂ ግን በሰከንድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ወደ ጋለ ጋዝ ይለወጥና ፊት ለፊቱ ያለውን አየር ጨፍልቆ ይነዳዋል። ይህ ሞገድ ሜዳ ላይ ከሆነ ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይዳከማል። በዝግ ክፍል ወይም በሚኒባስ ውስጥ ከሆነ ግን ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ይመለሳል፤ አንዱን ሰው ደጋግሞ ይመታዋል።

በጥምቀት በፋሲል መዋኛ ከበሮ አጠገብ የቆመ ሰው ምቱን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱም ይሰማዋል። የፍንዳታ ሞገድም ያው የአየር ግፊት ነው፤ የበረታ፣ ድንገት የሚመጣ። በጡንቻና በጉበት ውስጥ ብዙ ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል፤ ክፉኛ የሚጎዳው አየርና ሥጋ የሚገናኙበትን ቦታ ነው። ቀድሞ የሚሸነፈው ጆሮ ነው። አማርኛ ያንን ስስ ቆዳ ታምቡር ማለቱ ልክ ነው፤ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነውና ከ35 ኪሎ ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ጀምሮ ሊቀደድ ይችላል። ሳንባን ለመጉዳት ሦስት እጥፍ ያህል ግፊት ያስፈልጋል። ታምቡሩ የተረፈ ሰው ሁሉ ሳንባው ደኅና ነው ማለት ግን አይደለም፤ ጭንቅላቱ የዞረበት አቅጣጫ ብቻ ጆሮውን አድኖት ሊሆን ይችላል።

ከሞገዱ ጉዳቶች እጅግ የሚፈራው የሳንባው ነው። የአየር ከረጢቶቹ ግድግዳ እጅግ ስስ ስለሆነ ሲቀደድ ደም ወደ አየሩ፣ አየር ወደ ደሙ ይገባል። ወደ ደም የገባው አረፋ የልብን ወይም የአንጎልን ሥር ከደፈነ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቆዳው ላይ ጭረት ላይኖር ይችላል። በኤክስሬይ ከልብ ግራና ቀኝ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ነጭ ጥላ ይታያል። ትንፋሽ ማጠሩና ሳሉ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይመጣሉ፤ አንድ ሁለት ቀን የሚዘገዩበትም ጊዜ አለ። ሕክምናውም አስቸጋሪ ነው፤ የመተንፈሻ መሣሪያ አየሩን በኃይል ከገፋው ያንኑ አረፋ ወደ ደም ሊያስገባ ይችላል። በዚህ ላይ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በየትንፋሹ የሚገባው ኦክሲጅን ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ጤነኛ ጎንደሬ አያስተውለውም፤ ሳንባው ደም የቋጠረ ሰው ግን ያውቀዋል።

አንጀትም አየር ስላለበት ይበሳል፤ ቀዳዳው ከቀናት በኋላ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ውኃ እንደ አየር ስለማይጨመቅ ሞገዱን ሳያዳክም አርቆ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ጭንቅላቱን ከውኃ በላይ ያደረገ ሰው ጆሮው ሳይነካ ሆዱ ሊጎዳ ይችላል።

ሞገዱ ሰውን አንሥቶ ሲያጋጨው የሚሰበር አጥንትና የሚናወጥ አንጎል አለ። ቃጠሎና የጭስ መመረዝም አሉ፤ ለእነዚህ ጦርነት አያስፈልግም፣ በዝግ ማድ ቤት ውስጥ ያፈተለከ ቡታጋዝ ይበቃል።

በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከመተማም ከደባርቅም የሚላኩ ሕሙማንን ይቀበላል። መንገዱ ረጅም ስለሆነ የብዙ ቁስለኛ ዕድል የሚወሰነው ገና ከመነሻው ነው። የሚደማ እጅና እግር ላይ ንጹሕ ነጠላ አጥፎ በሙሉ ክብደት መጫን፣ ካልቆመም ከቁስሉ በላይ በሰፊ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ አስሮ ሰዓቱን መጻፍ ያስፈልጋል። የተሰካ ብረት አይነቀልም።

ከትልቅ ፍንዳታ በኋላ ሆስፒታል ቀድመው የሚደርሱት በእግራቸው መሄድ የሚችሉትና በባጃጅ የሚጫኑት ናቸው፤ ክፉኛ የተጎዱት ከፍርስራሽ እስኪወጡ ይዘገያሉ። ከቀደሙት መካከል ስሙን ሲጠየቅ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይጠፋም። አእምሮውን የሳተ ይመስላል፤ ምናልባት ግን አልሰማም ይሆናል። ወረቀት ላይ «ስምህ ማን ነው?» ተብሎ ሲጻፍለት እስክሪብቶውን ተቀብሎ ይመልሳል። የተበሳው ታምቡር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ራሱ ይደፈናል፤ በጆሮው ውስጥ የሚቀረው ጭውታ ግን ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።