«40 በመቶ» የምኑ 40 በመቶ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2018 የካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት መንግሥት ከሦስት የነባር ሕዝቦች ምክር ቤቶች ጋር ስምምነት ተፈራረመ። ያኔ ሥራ ላይ ከነበሩ የማዕድን ማውጫዎች 40 በመቶ፣ ወደፊት ከሚከፈቱት ደግሞ 45 በመቶ ይደርሳቸዋል። ይህን የሰማ ሰው «የወርቁን ግማሽ ሊወስዱ ነው እኮ!» ይላል። አይደለም። የሚካፈሉት ወርቁን ሳይሆን መንግሥት ከኩባንያው የሰበሰበውን የማዕድን ግብርና ሮያሊቲ (ማዕድኑን ለማውጣት ለመንግሥት የሚከፈል ክፍያ) ነው።

በቁጥር እንየው። ማውጫው 100 ሚሊዮን ዶላር አተረፈ እንበል። የማዕድን ግብሩ 10 በመቶ ነው፣ ራቅ ባሉ ቦታዎች 5። ስለዚህ መንግሥት ወደ 10 ሚሊዮን ያገኛል፤ ከዚያ ላይ 4 ሚሊዮን ገደማው ለማኅበረሰቦቹ ይሄዳል። ከትርፉ 4 በመቶ መሆኑ ነው። ግብሩ የተጣለው ትርፍ ላይ ስለሆነ ደግሞ፣ የወርቅ ዋጋ ወርዶ ኩባንያው ካላተረፈ፣ መሬቱ እየተቆፈረም፣ መኪናው እየተመላለሰም ድርሻቸው ይመነምናል። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ኩባንያው በቀጥታ ከማኅበረሰቡ ጋር ስለ ሥራ፣ ሥልጠናና ካሳ የሚፈርመው ውል ለብቻው ነው። በገቢ መጋራቱ ግን ከኩባንያው ኪስ ተጨማሪ ሳንቲም አይወጣም፤ የሚቀነሰው ከመንግሥት ካዝና ነው።