የቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ዲስክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ሠርግ የሚቀርጹ ልጆች አዲስ ኮምፒውተር ሊገዙ ሲሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት «የቱ ዲስክ ነው ፈጣን?» ብለው ነው። እኔ ግን ከፍጥነቱ በፊት የትኛው ዲስክ ምን ይያዝ የሚለው ይቅደም ባይ ነኝ።

«ኤዲቲንጉ የሚንቀረፈፈው ዲስኩ ደካማ ስለሆነ ነው»

ብዙውን ጊዜ አይደለም። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ የፎርኬ ካሜራ ፋይል ለመነበብ የሚፈልገው በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ደህና ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ150 ሜጋባይት በላይ ይሰጣል። ታዲያ ምኑ ነው የሚቆራረጠው? ብዙ ካሜራዎች የሚቀርጹበት ኤች.265 የተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ፋይሉን በጣም ስለሚያምቀው እያንዳንዱን ፍሬም መፍታት ፕሮሰሰሩን ያደክመዋል። ቪዲዮው ሲቆራረጥ የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ክፈቱ፤ ዲስኩ ሥራ ፈትቶ ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) 100 በመቶ ላይ ከተሰቀለ፣ የሚያስፈልጋችሁ ፕሮክሲ (ለኤዲቲንግ ብቻ የሚያገለግል ቀለል ያለ የቪዲዮው ቅጂ) መሥራት እንጂ አዲስ ዲስክ አይደለም። የሦስት አራት ካሜራ ቀረጻ በአንድ ላይ ስትቆርጡ ግን የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ከፋይል ፋይል ሲዘል ይውላል፤ የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣኑ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ዋጋውን የሚያወጣው ያኔ ነው።

«አንድ ትልቅ ዲስክ ለሁሉም ይበቃል»

ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ በአንድ ኤስኤስዲ፣ በእጃችሁ ያለው ሥራና ካሹ (ፕሮግራሙ ለጊዜው የሚያስቀምጣቸው ፋይሎች) በሌላ ኤስኤስዲ፣ ያለቀው ሥራ በትልቅ ሃርድ ዲስክ ይቀመጥ። ኤስኤስዲውን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት፤ ሲጠብበት ይዘገያል።

«ሬይድ 1 አለኝ፣ ባክአፕ አያስፈልገኝም»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ሬይድ 1 ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት ነገር እንዲይዙ ያደርጋል፤ የሚጠቅመውም አንዱ ዲስክ ሲሞት ነው። በስህተት የሰረዛችሁት ፎልደር ግን ከሁለቱም በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ቫይረስም ሁለቱንም ይይዛል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሚያቃጥል ከሆነም፣ ሁለቱ ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። ሬይድ 0 ደግሞ ይባስ፤ ለፍጥነት ተብሎ ፋይሉ ለሁለቱ ዲስኮች ስለሚከፋፈል፣ አንዱ ከተበላሸ የሁለቱም ይጠፋል።

በሁለት ካሜራ አራት አራት ሰዓት የተቀረጸ ሠርግ በዚያው በ100 ሜጋቢት ቢሰላ 360 ጊጋባይት ያህል ነው። ሙሽሮቹን መልሶ መዳር አይቻልም። ስለዚህ ቀረጻው ሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ሳይገለበጥና ጥቂት ፋይሎች ተከፍተው ሳይታዩ የካሜራው ካርድ ፎርማት አይደረግ። አንደኛው ዲስክ ከስቱዲዮው ውጭ፣ ሌላ ቤት ይደር።

«ኤስኤስዲ አይበላሽም»

የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መውደቅን ይቋቋማል፤ ሲበላሽ ግን ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ነው። ከውስጡ የተሰረዘ ፋይልንም መልሶ ማግኘት ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ይከብዳል፤ ትሪም የሚባለው አሠራር ቦታውን ወዲያው ያጸዳዋልና። ለዓመታት ሳይሰካ መሳቢያ ውስጥ ለሚቀመጥ ሥራም ሃርድ ዲስክ ይሻላል።

«ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የትም ይሠራል»

የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ማንበቢያውም ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ብዙ አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ነው። ደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ስለሆነች አያሳስብም። መንዝ ጓሳ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ልትቀርጹ ስትወጡ ካርዱን የምትገለብጡበት ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ይሁን።